ከወሎ የመጣችው ቁርቁራ

ነጌሌ ቦረና
የካቲት 3 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ከቤቴ ላደገችው፣ ለሚስቴ ለወለተሐና የእህት ልጅ ለትንቢት፤ ካርቱም።

የምታበስዪበት እሳት እጅሽን አይንካው፤ የምታበስዪላቸውም ሰዎች ልባቸው ይራራልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴን ደግሞ የጠየቀኝ የለም።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ጎረቤት ጽፎት ጎረቤት የሚያወራው ደብዳቤ አልወድም። ከመሠረተ ትምህርት ያገኘሁት ፊደል ለዚህ አያንስም። ስልክ ግዛ ብለሽ ለላክሽብኝ መልእክት መልሴ ያው ነው። ስልክ ላይ ሰው ይጮኻል እንጂ አይናገርም።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። አክስትሽ ልትሞት ስትል ያለችኝን አንቺም ራስጌዋ ተቀምጠሽ ሰምተሻል። «በየዓመቱ ጥር ሃያ አንድ፣ ለማርያም ማኅበር፣ ከቁርቁራዬ አንድ ሰፌድ ፍሬ አቅርብልኝ። ሌላ ድግስ አልፈልግም» አለች። እሺ አልኩ። እኔ እሺ ካልኩ እሺ ነው። ዘንድሮ ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ሰፌዱ ባዶ ሆነ። ኅዳርንና ታኅሣሥን ለወንድሜ ተዝካር ወሎ ከርሜ ስመለስ ዛፏ ላይ አንዲት ፍሬ አልነበረችም። ዳቦ ገዝቼ አቀረብኩ። ወይዘሮ ጠጂቱ ዳቦውን እየቆረሱ «ወለተሐናስ ቁርቁራ ነበር የምታበላን፣ ነፍሷን ይማር» አሉ። ለነፍሷ አልነበረም፣ ለእኔ ነው የተናገሩት።

ሌባውን አውቀዋለሁ። ከአጥራችን ማዶ የሚኖረው ጎረቤታችን ጎዳና ነው፣ የዲንቄ ባል። የእሱ ፍየሎች ከጦር ሰፈሩ ጀርባ እስከ እኛ ደጅ የማይልሱት ነገር የለም። እኔ አገር ቤት ስሄድ እነሱ ቤቴ ገቡ። እሾህ ቆርጬ ዛፏን ዙሪያዋን አጠርኳት። አሁን ፍየል ቀርቶ ድመት አይገባም።

ያቺን ዛፍ ዘሯን ከአባቴ ደጅ ለቅሜ፣ በደርግ ጊዜ ወደዚህ ስመደብ በደረት ኪሴ ይዤ የመጣሁ እኔ ነኝ። በእጄ የተከልኳት እኔ ነኝ። ፍየል እንዲጠግብባት አይደለም ከወሎ ያመጣኋት።

ማርያም ትጠብቅሽ። ቶሎ ጻፊ።

አሥር አለቃ ለገሰ


ካርቱም
ግንቦት 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ አባት ሆነው ላሳደጉኝ ለጋሼ ለአሥር አለቃ ለገሰ።

ዕድሜዎ ይርዘም፣ ጉልበትዎም ይጽና። እኔስ እየጠየቅኩዎ ነው፤ ቅባት በጠጂቱ ልጅ እጅ ልኬያለሁ። ደብዳቤዎ መተማ ሰው እጅ ላይ ቆይቶ ነው የደረሰኝ። መልሴ የዘገየው ግን በዚህ ብቻ አይደለም፤ አሞኝ ነበር። አሁን ተሽሎኛል።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይቆጡኝ። ጎዳና በኅዳር ፍየሎቹን እዚያ ያኖራቸዋል እንዴ? እኔ ልጅ ሆኜ ሐገያ፣ የመስከረምና የጥቅምቱ ዝናብ፣ ሣሩን ሲያወጣው ወደ አሬሮ ይነዳቸው ነበር። የሚመልሳቸው ሜዳው ሲደርቅ፣ በጥር ነው። ቁርቁራውም ያኔ በጥር ነበር የሚደርሰው። ፍየሎቹ ሲገቡና ፍሬው ሲረግፍ አንድ ሰሞን ነበር። ዘንድሮ ፍሬው ቀድሞ ደርሶ፣ አንቱም ፍየሎቹም ሳትኖሩ ረግፎ ቢሆንስ?

ይህን የምለው እዚህም ቁርቁራ ስላለ ነው። ነበቅ ይሉታል፤ ኦምዱርማን መንገድ ዳር በብርጭቆ እየሰፈሩ ይሸጡታል። ከምትሸጠው ሴት ጋር ተወዳጅተናል፣ ሁዳ ትባላለች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዛፉ ጊዜውን ስቷል ትላለች። ፍሬውን የሚበሉት ወፎች በለመዱት ወር ይመጣሉ፣ ፍሬው ግን አልቆ ይጠብቃቸዋል። ሬዲዮም ዓለም እየሞቀ ነው፣ ዝናቡም ዛፉም ወራቸውን እየለቀቁ ነው ይላል።

ስለዚህ ለከርሞ ቀድሞ ከደረሰ ለቅመው ያድርቁትና ለጥር ያቆዩት። እኔም እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ጥር ሃያ አንድ ቀን አንድ ሰፌድ ነበቅ ገዝቼ በአክስቴ ስም ላቀርብ እችላለሁ፣ ከፈቀዱ።

ደግሞ ልመና አለኝ። ከዛፏ አንድ እፍኝ ዘር ይላኩልኝ። ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ልጅዎ ትንቢት


ነጌሌ ቦረና
ታኅሣሥ 18 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለትንቢት።

የሰው አገር ውኃ ይስማማሽ፤ ምክር መስጠቱን ግን ይቀንስልሽ። ቅባቱ ደርሶኛል። ይሸታል።

ቁርቁራዋ ዘንድሮ ቤቴ ተቀምጬ እያየኋት ኅዳር መግቢያ ላይ ደረሰች። አበደች። ጥር ሳይታሰብ ቢጫ ሆና ቀላች። እሺ ትድረስ ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ማንም ያልጠራው ዝናብ መጥቶ ፍሬውን በሙሉ አወረደው። ከአጥሩ ውስጥ ማንም አልገባም፤ ፍየል አልነካውም፣ የሠፈር ልጅ አልለቀመውም። እዚያው በላይ በላዩ ተኝቶ ሸተተ። እያየሁት ሸተተ። አድርቀው ስትዪ ደግሞ አክስትሽ በሕይወቷ ለእንግዳ የደረቀ ፍሬ ያቀረበችበት ቀን ካለ ንገሪኝ። ከገበያ ተገዝቶ በስሟ የሚቀርበውንም እንዳልሰማሁት እቆጥረዋለሁ።

ጎዳናን ሽማግሌ ፊት አቁሜዋለሁ። የአምናውን ይመልስ ብዬ ነው። ሲመጣ ምንም እንዳልተፈጠረ «አካም፣ ናጋ?» ብሎ ሰላም መሆኔን ይጠይቀኛል።

«ናጋ የለም» አልኩት። «ፍየሎችህ የሚስቴን ሰፌድ በልተዋል።»

«በየትኛው ወር?»

«በኅዳር፣ እኔ ወሎ ሳለሁ።»

«በኅዳር ፍየሎቼ አሬሮ ነበሩ፣ አሥር አለቃ። ከአሬሮ አንገታቸውን ዘርግተው ነው የበሉብህ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ ያቀረብኳቸው ሽማግሌዎች፣ በእኔ ሳቁ። «ታዲያ ማን በላው?» አልኩ።

«ማንም» አለ። እሱ አልሳቀም። «እኔ የምፈራውም እሱን ነው። ጥር ላይ ተርበው ሲገቡ ከዛፍህ ሥር የሚለቅሙት የለም። የግራሩም ፍሬ ቀድሞ ረግፎ አፈር ሆኖ ይቆየኛል። ዛፉ ሲሰጥ ከብት የለም፣ ከብት ሲመጣ ዛፉ ባዶ ነው። አሁን ደግሞ አንተ አጠርክበት።»

አጥሩን አንሣ ተብሎ ተፈረደብኝ። አላነሣም አልኩ። እንጨቱ የእኔ፣ እሾሁ የእኔ፣ የቆሰለውም እጅ የእኔ።

ዓለም ሞቀ ትዪኛለሽ። ማን አሞቀው? እኔ መኪና የለኝም። ጎዳናም የለውም። የሁለታችን ጭስ ተደምሮ አንድ ድስት ሽሮ አያፈላም። ያሞቀው ሰው ካለ ይምጣና ማኅበርተኛው ፊት ይቁም፣ ባዶውን ሰፌድም ይያዝልኝ። እሱ አይመጣም፣ ስለዚህ በደጄ ያለውን እከሳለሁ።

ዘር አልልክም። ለምን እንደሆነ ሳትነግሪኝ እፍኝ ላክ ትያለሽ፤ ሁዳ በብርጭቆ እንድትሸጠው ነው? የእኔ ዘር ከአባቴ ደጅ የወጣ ነው። በደረት ኪሴ ነው የመጣው።

አሥር አለቃ ለገሰ


ካርቱም
የካቲት 30 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ለአሥር አለቃ ለገሰ።

ጤና ይስጥልኝ። ብዙ ምርቃት ለመጻፍ ልቤ አልፈቀደም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዎን ለሁዳ ወደ አረብኛ እያዞርኩ ላነብላት ጀምሬ፣ ስሟ ያለበት ላይ ስደርስ አቋረጥኩ። «ምን አለ?» አለችኝ። «ጉልበቱን አሞታል» አልኳት።

ደረት ኪስ፣ ደረት ኪስ ይላሉ። እንግዲህ ይስሙ። አንቱ ከወሎ ያመጡት ዘር አልበቀለም። ተክለውት ወዲያው ለግዳጅ ወጡ። አክስቴ አንቱ እስኪመለሱ ጠዋት ማታ ውኃ እያጠጣች መሬቱን ስታይ ከረመች። ምንም አልወጣም። ዲንቄ አይታት «ይሄ ዘር ጠጠር ነው፤ ፍየል ውጦት ማታ ሲያመሰኳ ካልተፋው እንዲህ ቶሎ አይሰማሽም» አለቻት። ከዚያ ከበረታቸው ዳር የበቀለች አንዲት ችግኝ በጭቃ ይዛ መጥታ ሰጠቻት። አክስቴ አንቱ በቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ ተከለቻት። ከግዳጅ ሲመለሱ «በቀለልህ» አለችዎ። ጎረቤት ጠርተው ጠላ አጠጡ። ጎዳናም መጥቶ ጠጥቶ፣ እንኳን ደስ አለህ ብሎዎ ሄደ።

ከጎዳና ፍየል አፍ የወጣች ዛፍ ናት ጋሼ። በእሷ ነው ጎዳናን ሽማግሌ ፊት ያቆሙት።

ሌላም ልንገርዎ። ጥር ሃያ አንድ ማኅበሩ ሲበተን፣ አንቱ ካህናቱን ሊሸኙ ሲወጡ፣ እኔና አክስቴ የተረፈውን ፍሬ ተሸክመን ለዲንቄ ፍየሎች እንበትን ነበር። «ድርሻቸው ነው» ትል ነበር። ለእንግዳ ከምታቀርበው ለፍየሎቹ የምትሰጠው ይበዛ ነበር። አንቱ ያጠሩባቸው ይህን ድርሻቸውን ነው።

አክስቴ አትንገሪው ብላኝ ነበር። ሰፌዷን እየጠበቅኩላት ነው እያሉ ዘሯን ሲያመክኑ ግን ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ትንቢት


ነጌሌ ቦረና
ሐምሌ 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለትንቢት።

ማርያም ካንቺ ጋር ትሁን። ሞቷል ብለሽ ከሆነ አልሞትኩም። አልጻፍኩም እንጂ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ጎዳናን ሰላም ሳልል፣ አንቺንም ሳልረግም፣ እንዲሁ ተናድጄ ከረምኩ። በዚህ መሃል ቁርቁራዋ ዘንድሮ ጥቂት በጥቅምት፣ ጥቂት በታኅሣሥ እየተንጠባጠበች አፈራች። ለጥር ዳቦ አቀረብኩ። ሐገያም ሳይመጣ ቀርቶ ነበር። ቀጥሎ የመጋቢቱ ትልቁ ዝናብ፣ ገነ የሚሉት፣ እሱም ቀረ። አሁን ከጦር ሰፈሩ በር ላይ ቦቴ ውኃ ሲያድል ሴቱ ጄሪካን አሰልፎ ይውላል። ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሞተ ከብት ነው። ገበያው ላይ ፍየል ሊሸጥ የመጣ ሰው ፍየሉን አስደግፎ ያቆማል።

የጎዳና ፍየሎች አለቁ። የቀሩትን ጥቂት ይዞ ወደ ገናሌ ወንዝ ወረደ። ሲወጣ ደጄ ቆሞ «አሥር አለቃ፣ ዲንቄን እያት» አለኝ። ሽማግሌ ፊት ያቆምኩትን ሰው ነው የምልሽ። ምን ይባላል? አያታለሁ አልኩ።

ዲንቄን፣ ያላወቅሁት ነገር እንዳይቀር ብዬ፣ አንድ ቀን ጠየቅኳት። የቦቴውን ውኃ ተካፍለን አጥሩ ጋ ቆመናል።

«ያቺ ዛፍ ከማን ናት?»

«ከወሎ ናት» አለችኝ።

«ትንቢት ጽፋልኛለች። ከበረትሽ ናት አሉ።»

«ከወሎ ናት።»

«ዲንቄ፣ አውቄዋለሁ እኮ።»

«አንተ እወቅ። ወለተሐና 'ከወሎ ናት በይ' ብላኛለች። ሞታለች ብዬ የሰጠኋትን ቃል አልለውጥም።»

ውኃዋን ተሸክማ ገባች። ስንት ዘመን ሦስት ሴቶች ተማክራችሁ ስትስቁብኝ ኖራችኋል። ዲንቄ አልሳቅንም ትላለች። ለእኔ ያው ነው።

ቁርቁራዋ በስተምሥራቅ ያለው ጎኗ ደርቋል። ሚያዝያ ላይ ዝናብ ሳይኖር፣ ንብ ሳይኖር፣ አበባ አወጣችና ሙቀቱ ጠብሶ ጣለው። ሳህን ያጠብኩበትን ውኃ ለእሷ ነው የማፈሰው። ብትሞት ከሥሯ የበቀለ አንድ ልጅ የላትም። አጥሩ እንደቆመ ነው። ፍየል ስለሌለ ከማን እንደሚጠብቃት አላውቅም። ግን አላነሣሁትም።

በመጨረሻ የጻፍሽውን ቃል ሰው ለአባቱ አይጽፍም። ዘሩን ለምን እንደፈለግሽው አሁንም አልነገርሽኝም። ሳትነግሪኝ አትሙቺ፣ እኔም ሳልሰማ አልሙት።

ለገሰ


ካርቱም
መስከረም 25 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ።

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ፤ ዝናቡንም አብሮ ያድርስልዎ። እዚህ ሰው ሁሉ ስለ እኛ አገር ድርቅ ሲያወራ፣ የደብዳቤዎን መቅረት አስቤ የአርባዎን ድግስ አዘጋጅቼ ነበር። መጻፍዎ ደስ አሰኝቶኛል፣ ቁጣዎም ቢሆን።

ያልነገርኩዎት ይህ ነው። ልጅ አለችኝ። ዘሩን የጠየቅኩዎ ሆዴ ውስጥ ሳለች ነው፤ ያኔ አሞኝ ነበር ያልኩትም እሷው ናት። አባቷ ቢንያም ይባላል፣ የአዲግራት ልጅ ነው፣ ደግ ነው፤ ግን ሳንጋባ ነው የተወለደችው። አንቱ ምን እንደሚሉ አውቅ ስለነበር ፈራሁ። የክርስትና ስሟ ወለተሐና ነው። አሁን ሁለት ዓመቷን ጨርሳ የማትነካው ነገር የለም።

በስሟ ዛፍ ልተክልላት ነበር፣ ከአክስቴ ዛፍ። ሲከለክሉኝ ከሁዳ ነበቅ ገዝቼ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ተከልኩ። አልበቀለም። ፍየል ከየት ላምጣ።

ሊቆጡ ይችላሉ። ተቆጥተውም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ትንቢት


ነጌሌ ቦረና
መጋቢት 9 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለትንቢት፣ ለቢንያም፣ ለሕፃኗ ለወለተሐና።

ያሳደገቻችሁ እመቤት ታሳድጋት። ቢንያም ሽማግሌ ይላክ። መንገዱ ሩቅ ነው አይበለኝ። በደብዳቤም ሽማግሌ ይላካል፤ እኔም በደብዳቤ እቆጣዋለሁ። ልጅ ከተወለደ ሁለት ዓመት ቆይቶ የሚነገረው አያት እኔ የመጀመሪያው ነኝ። ይህን ተናግሬ አልጨረስኩም፣ ስትመጪ እቀጥላለሁ።

ጥቅምት ላይ ዘነበ። አንድ ዓመት ሙሉ ያስቀረውን በአንድ ወር ከነዕቃው ጣለው። ከዚያ ዲንቄ ከአጥር ማዶ «አሥር አለቃ፣ ና እይ» አለችኝ። ባዶው በረት ውስጥ ቁርቁራ በቅሏል። እዚህም እዚያም፣ ከደረቀው የፍየል በጠጥ መሃል፣ ችግኝ።

«ድሮም ይበቅል ነበር» አለች። «ፍየሎቹ ራሳቸው ረግጠው፣ ግጠው ይጨርሱታል። አሁን የሚግጠው ጠፋ።»

«ዘሩ ከየት መጣ? እኔ ካጠርኩ ዓመታት አይደለም እንዴ?»

«አዎ፣ አንተ ካጠርክ ወዲህ ፍየሎቼ ቁርቁራ አልቀመሱም» አለች። «ይሄ ወለተሐና በእጇ የበተነችላቸው ነው። እዚህ ተኝቶ ዝናብ ሲጠብቅ የኖረ ነው።»

ስሸነፍ እንደምናደድ ታውቂያለሽ። ተመልሼ ቤቴ ገባሁ፣ መጥረቢያዬን ይዤ ወጣሁ፣ ዛፏን ያጠርኩበትን እሾህ በሙሉ ነቅዬ እየጎተትኩ በረቱ ውስጥ ችግኞቹን ዙሪያቸውን አጠርኩ። ማንም አላገዘኝም፣ ዲንቄ ላግዝ ስትል ከለከልኳት። እጄ እንደገና ቆሰለ።

ጎዳና ጥቂት ፍየሎቹን ይዞ ሲመለስ በረቱ ላይ ቆመ።

«በረቴን ማን ያዘው?»

«ቁርቁራ» አልኩት።

«ፍየሎቼ የት ይደሩ?»

«የእኔ ግቢ ሰፊ ነው።»

«እንደገና ሽማግሌ ፊት ልታቆመኝ ነው?»

«እነሱ ግቢዬ ገብተው ከዛፌ ሥር ካልበሉ ነው የማቆምህ» አልኩት። በጥሩ አማርኛ ነው የነገርኩት፤ የሳቀው ግን በኦሮምኛ ነው፣ ዲንቄን እየጠራ።

ጥር ሃያ አንድ ደረሰ። ቁርቁራዋ ላይ በአንድ ጎኗ እንጭጭ ፍሬ እንጂ የደረሰ የለም። ዳቦ አልገዛሁም። ባዶውን ሰፌድ ማኅበርተኛው መሃል አስቀምጬ «ዛፏ መቼ እንደምትደርስ እሷም አታውቅ። ስትደርስ እጠራችኋለሁ፣ ያኔ ትመጣላችሁ» አልኩ።

ቄስ ባስልዮስ «በዓል ከቀኑ አይነሣም፣ ለገሰ» አሉኝ።

«በዓሉ ይቀመጥ አባ። ሰፌዱን ነው የማነሣው» አልኩ። «ዓለሙን ያሞቀው ሰው ወሩን ሁሉ ሲያዘዋውር ማንም አልገሠጸውም። እኔ አንድ ሰፌድ ባዘዋውር ነው ኃጢአቱ?»

ወይዘሮ ጠጂቱ «ዳቦውስ?» አሉ።

ፍሬው የካቲት መጨረሻ ላይ ደረሰ፣ ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ። ጠራኋቸው። በጾም ድግስ ብለው አጉረመረሙ። ቁርቁራ ሥጋ ነው እንዴ ብዬ ላክሁባቸው። መጡ። ሰፌዱ አልሞላም፣ ታቹ ይታያል፤ ግን ከእሷ ዛፍ ነው፣ እርጥብ ነው። ጎዳናና ዲንቄም መጡ። ጠጂቱ ሁለት እፍኝ ወሰዱ። ሲበተኑ የተረፈውን ተሸክሜ ወጣሁና ለፍየሎቹ በተንኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉም እያየኝ። እንደናንተ ተደብቄ አይደለም።

በዚህ ጨርቅ የተቋጠረው ዘር ፍየሎቹ ሲያመሰኩ የተፉት ነው። ጠዋት ጠዋት ከግቢዬ የለቀምኩት እኔ ነኝ፣ ወገቤን ይዤ። አጥቤዋለሁ፤ አትጠየፊው። በቤተ ክርስቲያናችሁ ግቢ ትከዪላት። ለሁዳም ትንሽ ስጫት፣ ስለ እሷ የጻፍኩትን አትተርጉሚላት። ደግሞ መቼ እንደሚያፈራ ማንም ቢነግርሽ አትመኚው። የደረሰ ቀን ሰፌዱን አቅርቢ።

ሕፃኗ አድጋ ይህ ዛፍ ከየት መጣ ብላ ከጠየቀችሽ፣ አያትሽ ከአባቱ ደጅ ለቅሞ፣ ከወሎ በደረት ኪሱ ይዞት የመጣ ነው በያት። ጎዳናም ተስማምቷል።

አሥር አለቃ ለገሰ